ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሂሳቡ አብሮ እንዳይጠፋ

የቡና ግዢ በሚጧጧፍበት ወቅት በመቱ፣ በጎሬ ወይም በኡካ የሚሠራ አቅራቢ ለየትኛው ሰብሳቢ ስንት ብር ቀብድ እንደሰጠና ስንት ኩንታል ጀንፈል እንደገባለት በየዕለቱ ማወቅ አለበት። ይህ ሁሉ የተመዘገበው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነና የሂሳብ ፕሮግራሙ «ችግር ስላጋጠመው ይዘጋል» የሚል መልእክት አሳይቶ ከጠፋ፣ ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

ማይክሮሶፍት በ1994 ዓ.ም. ለገበያ ላቀረበው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቋርጧል። ስለሆነም በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ነጋዴ ከአምራቹ ማስተካከያ ሊጠብቅ አይችልም። አዲስ አበባም ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ግን በዲስኩ ክፍል ላይ ያለውን መረጃ ይጠርጋል፤ የዓመት ሂሳብም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

አንደኛ፣ ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራሙ ተዘግቶ የሂሳቡ ፎልደር በሙሉ በሁለት ፍላሽ ዲስክ ይገልበጥ። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱም ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፣ የመልእክቱ ቃል፣ የፕሮግራሙና የሞጁሉ ስም፣ እንዲሁም ሰዓቱ በወረቀት ይጻፍ። ሞጁሉ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ጥርጣሬው በዚያው ፋይል ላይ ያርፋል። ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ያለ ሥርዓት የሚዘጉ ከሆነ ግን ሜሞሪው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ሙቀቱ ወይም ቫይረስ መመርመር ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ የሚዘጋው የሂሳብ ፕሮግራሙ ብቻ ከሆነ ሌላ የሙከራ ሂሳብ ይከፈትበት። ሙከራው በደንብ ከሠራ የተበላሸው የድርጅቱ የሂሳብ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ ከመበላሸቱ በፊት የተወሰደ ቅጂ ይመለስ። ሙከራውም ከተዘጋ ፕሮግራሙ ራሱ እንደገና ይጫን።

አራተኛ፣ ችግሩ የጀመረው መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ከሆነ ዲስኩ በ«ቼክ ዲስክ» ይፈተሽ። ይህ ፍተሻ የተጎዳ ፋይል ቆርጦ ሊጥል ስለሚችል ቅጂው መቅደሙ ግድ ነው።

ለወደፊቱ ዩፒኤስ መግጠም፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ማራቅና በየሳምንቱ ቅዳሜ የተበዳሪዎችን ሂሳብ በወረቀት አትሞ ማስቀመጥ ይበጃል። ፍላሽ ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ መሳቢያ መቀመጥ የለበትም፤ ሌባ ወይም እሳት ቢገባ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉና። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል። ማን ስንት ቀብድ እንደወሰደ የሚያሳየው መዝገብ ከጠፋ ግን አቅራቢው የሚተማመነው በሰብሳቢው ቃል ብቻ ነው።