ቆራሌው፣ ልዋጭና «አልቴ ዛከን»፦ የአሮጌ ዕቃ ንግድ ከየት መጣ?



በእስራኤል ከተሞች አሮጌ ዕቃ የሚገዛ መኪና በድምፅ ማጉያ «አልቴ ዛከን!» እያለ ሲያልፍ ሁላችንም ሰምተናል። ቃሉ ዪዲሽ ሲሆን ትርጉሙም «አሮጌ ዕቃ» ነው። ዛሬ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ዐረቦች ቢሆኑም ጥሪው የተወረሰው ከአውሮፓ አይሁድ ነው።

አይሁድ ወደዚህ ሥራ የገቡት ወደው ብቻ አልነበረም። በ1555 እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ ጳውሎስ 4ኛ አይሁድ በአንድ ሰፈር ተከልለው እንዲኖሩ፣ ከአሮጌ ልብስ በቀር ሌላ ንግድ እንዳይነግዱ አዘዘ። በፓሪስ ደግሞ ድሆች ሌሊት ከቆሻሻ ውስጥ ጨርቅና ብረት ይለቅሙ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. አስተዳዳሪው ኡዤን ፑቤል ቆሻሻ በክዳን ዕቃ እንዲወጣ ሲያዝዝ ኑሯቸው ተናጋ። ብዙዎች ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ሰንት ኡዋን በተባለው ቦታ ይነግዱ ነበር። ገበያው «የቁንጫ ገበያ» የተባለው ከአሮጌው ዕቃ ጋር ቁንጫ ስለሚመጣ ነው ይባላል። በያፎ ያለው የ«ፒሽፔሺም» ገበያ ስምም የመጣው ከትኋን ነው።

በአዲስ አበባ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው። ቆራሌው ጠርሙስ፣ ጣሳና አሮጌ ጫማ ይገዛል። ልዋጭ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ ሳፋና ሳህን ሰጥቶ አሮጌ ልብስ ይወስዳል። የተሰበሰበው ብረት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል፤ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችሁ፣ አዲስ አበባ ስትጠብቁ ይህን ጥሪ ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

በጎንደርም አያቶቻችን ርስት ስለተከለከሉ በብረት ቅጥቀጣ፣ በሸማና በሸክላ ሥራ ኖረዋል። ማረሻውን የሚፈልግ ገበሬ ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ ይሸሸው ነበር። የሮም ጨርቅ ሻጭና የጎንደር ቀጥቃጭ በዚህ ይመሳሰላሉ፦ መሬት የተነፈገ ሰው በእጁ ሙያ ቤተሰቡን አኖረ፤ የናቀውም ሰው ያለ እርሱ መኖር አልቻለም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። ከኢትዮጵያ የመጣ ጀበና፣ ሙዳይ ወይም ማጭድ በቤታችሁ ካለ፣ ለመኪናው ከመስጠታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ታሪኩን ንገሩልን። ዕቃው ቢሸጥ ጥቂት ሰቅል ያወጣ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን አብሮት ከሄደ በየትኛውም ገበያ አይገኝም።

ለቤት ውስጥ ውይይት፦
1. ይህን ዕቃ ማን ሠራው? በየትኛው መንደር?
2. ሲሰበር ማን ይጠግነው ነበር?
3. ስትመጡ ምን ትታችሁ መጣችሁ?