ስለ ኤሌክትሪክ መጋዝና ስለ እንጨት ብናኝ ጥንቃቄ

በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ ከሥራ በተረፈው ጊዜ ከዋንዛ ጣውላ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የሚመኘው አዲስ የኤሌክትሪክ መጋዝ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ መነጽር፣ የአፍንጫ መሸፈኛና የመጋዝ መከለያ እንዲገዛ እንመክረዋለን።

ጣትን የሚቈርጠው የመጋዝ ጥርስ ለዓይን ይታያል፤ ከሰጋቱራ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ግን ሳይታይ ወደ አፍንጫና ወደ ሳንባ ይዘልቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ስለዚህ ሥራው ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይሁን፤ ሰጋቱራውም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ እንጂ በትንፋሽ አይራገፍ።

ጓንትና ሰፊ እጅጌ በሚሽከረከር መጋዝ ስለሚያዙ ይወገዱ። መብራት በድንገት ሲጠፋም መጋዙን ማጥፋትና ስፒናውን መንቀል አይዘንጋ፤ መብራቱ ሲመለስ መጋዙ በራሱ ሊነሣ ይችላልና። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።