የመዝገባችሁ ቁልፍ በእጃችሁ ይሁን

ማንበብ የተማረ ሰው ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው የሚነበብ ነገር ማጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚነበበው ነገር ተገኝቶ የማንበቢያ ጊዜ ማጣት ነው።

አንድ የቦረና ገበሬ መካነ ሰላም ገበያ ውሎ፣ ስለ ባቄላ ቆርምድ በሽታ የተጻፈ ነገር በስልኩ ላይ አገኘ እንበል። እህሉን ሳይሸጥ፣ ጨውና ዘይቱን ሳይገዛ ቆሞ አያነበውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ኔትዎርክ የለም። በሌላ ገበያ ቀን ቢፈልገው ደግሞ የት እንዳየው ይጠፋዋል።

ለዚህ ችግር የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሥራቸው እንደ ጎታ ነው። በመኸር የገባ እህል ለክረምት እንደሚቆይ ሁሉ፣ ኔትዎርክ ባለበት የተቀመጠ ጽሑፍ ኔትዎርክ በሌለበት ይነበባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ጽሑፉን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ያስገባ ሰው ማንበቡን አላቆመም።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ ዋላባግ ይባላል። ዛሬ የምንማረው በዋላባግ ላይ የራስን አካውንት ማሰናዳት ነው። አካውንት ማለት በአንድ ሰው ስም የተከፈተ መዝገብ ነው። ሴቲንግ የሚባለው ደግሞ ያ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራ የምንወስንበት ገጽ ነው። የሌሎች ፕሮግራሞችም ሴቲንግ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

1. ስምና ኢሜይል

ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁና የኢሜይል አድራሻችሁ የተጻፈበት ቦታ አለ። አስቀድማችሁ ይህን አንብቡ። ስሙ የእናንተ ነው? ኢሜይሉስ የማን ነው?

ብዙ ጊዜ ስልክ የሚጠግነውን ልጅ «እስቲ ክፈትልኝ» እንለዋለን። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል። ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ግን የራሱን ኢሜይል ያስገባል። ኋላ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋባችሁ፣ አዲስ ለማውጣት የሚያስችለው መልእክት የሚላከው ወደ ማን ነው? ወደ ልጁ ነው። ስለዚህ መዝገቡ በስማችሁ ቢሆንም ቁልፉ በእሱ እጅ ነው።

ቀድሞ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማመልከቻ ሲያጽፍ፣ በማያነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፍ ነበር። የተጻፈውን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ዛሬ ማንበብ እየቻልን ስልካችንን ለሌላ ሰጥተን «አንተው ጨርሰው» ብንል ከዚያ በምን ይለያል? ልጁ ያሳየን፤ የሚነካው ጣት ግን የእኛ ይሁን።

2. የይለፍ ቃል

የይለፍ ቃል የመዝገቡ ቁልፍ ነው። በዋላባግ ከ8 ምልክት ማነስ የለበትም። ምልክት ስንል ፊደልም ቁጥርም ነው። ስማችሁን፣ የልጃችሁን ስም ወይም የስልክ ቁጥራችሁን አታድርጉት፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋልና።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ገንዘብ የምትልኩ ሰዎች፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም እንደማትሰጡ ታውቃላችሁ። ይኼም እንደዚያው ነው። የሁለቱን ቁልፍ ግን አንድ አታድርጉ። አንዱ ቢታወቅ ሌላውም ይከፈታል።

ሌላ ሰው ከፍቶላችሁ ከሆነ ኢሜይሉንም የይለፍ ቃሉንም ዛሬውኑ ለውጡ። ለይለፍ ቃሉ ፕሮግራሙ አስቀድሞ አሮጌውን ይጠይቃል። ከዚያ አዲሱን ሁለት ጊዜ ያስጽፋል። ሁለት ጊዜ የሚያስጽፈው ስህተት እንዳይኖር ነው።

3. ቋንቋና የገጹ ብዛት

ሴቲንግ ውስጥ የቋንቋዎች ዝርዝር አለ። የምታነቡትን ቋንቋ ምረጡ። ይህ የሚለውጠው የትእዛዞቹን ቋንቋ ነው። ያስቀመጣችሁት ጽሑፍ በአማርኛ ከሆነ አማርኛ እንደሆነ ይቆያል።

በአንድ ገጽ ስንት ጽሑፍ እንደሚዘረዘርም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ስትጀምሩ የሚሰጣችሁ 12 ነው። ዓይን የሚያደክም ከሆነ 5 ብላችሁ ጻፉ።

4. የንባብ ፍጥነት

ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ጽሑፍ አጠገብ ለማንበብ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጽፋል። ይህን የሚያሰላው ሴቲንግ ውስጥ ካለ አንድ ቁጥር ተነሥቶ ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ 200 ተብሎ ተሞልቷል። ይኸውም «ይህ ሰው በደቂቃ 200 ቃል ያነባል» ማለት ነው።

እንግዲህ 600 ቃል ያለው ጽሑፍ ሲሆን «3 ደቂቃ» ይላል። ትናንት ማንበብ የጀመረ ሰው ግን በደቂቃ 40 ቃል ቢያነብ፣ ያንኑ ጽሑፍ የሚጨርሰው በ15 ደቂቃ ነው። ይህን የማያውቅ «ለካስ እኔ ደካማ ነኝ» ብሎ ንባቡን ይተዋል። ድካሙ ግን የእሱ አይደለም። የተለካው በሌላ ሰው ቁና ነው። ቁናውን መለወጥ ደግሞ ይቻላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሰዓት ይዛችሁ ለ1 ደቂቃ አንብቡ፤ ያነበባችሁትን ቃላት ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ሞክሩ፤ ድምሩን ለ3 አካፍሉ። ለምሳሌ 36፣ 40 እና 44 ቢመጣ፣ ድምሩ 120፣ ለ3 ሲካፈል 40 ነው። 200 ያለውን አጥፍታችሁ 40 ጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ሲያድግ መሻሻላችሁን በራሳችሁ ዓይን ታያላችሁ።

5. መደምሰሻውና መጠባበቂያው

ሴቲንግ ውስጥ ተጠንቅቀን የምንቀርበው አንድ ቦታ አለ። ጽሑፉን ሁሉ የሚያጠፋ፣ መዝገቡንም ከነሥሩ የሚደመስስ ትእዛዝ የሚገኝበት ነው። ከተነካና «እሺ» ከተባለ በኋላ አይመለስም። «ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» እንዲሉ፣ አንብበን ሳንረዳ «እሺ» አንበል።

ጽሑፍ የሚጠፋው ግን በእኛ ስህተት ብቻ አይደለም። ፖኬት የሚባል ፕሮግራም ነበር። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር ስሙ በእኛ ቋንቋ «ኋላ አንብበው» እንደማለት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሞዚላ የተባለ ድርጅት ገዛው። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ ያስቀመጡትን እንዲያወጡ የጥቂት ወራት ጊዜ ተሰጣቸው። ማስታወቂያውን አንብቦ በጊዜው ያወጣ ሰው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሄደ። ያላነበበ ቀረበት።

ስለዚህ ከፕሮግራሙ የሚመጣ መልእክትን አትለፉ። እጅግ የምትፈልጉትን ነገር ደግሞ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት አወሳሰድን ወይም የዘር መጠንን፣ በደብተራችሁም ገልብጡ። ደብተር ባትሪ አያልቅበትም።

የቃላት ፍች

የይለፍ ቃል፦ ወደ መዝገብ መግቢያ ሚስጥር።
ኢሜይል፦ በኢንተርኔት የሚላክ ደብዳቤ።
መደምሰስ፦ ጨርሶ ማጥፋት።

ጥያቄዎች

1. ኢሜይሉ የሌላ ሰው ቢሆን የይለፍ ቃል ሲጠፋ ምን ይደርሳል?
2. ለቴሌብርና ለዋላባግ አንድ ቁልፍ ማድረግ ለምን አይገባም?
3. በደቂቃ 50 ቃል የሚያነብ ሰው 600 ቃል በስንት ደቂቃ ይጨርሳል?
4. በስልካችሁ ውስጥ ሌላ ሰው የከፈተላችሁ መዝገብ አለን? የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ማን ነው? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ፤ ከዚያም ወደ ሴቲንግ ገብታችሁ በራሳችሁ ጣት ለውጡት።