ሊዝ ከመፈረምዎ በፊት፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለነጋዴ ስለሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ንግድ ለመክፈት ያሰበ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን «ካውንቲው እኮ ለነጋዴ ገንዘብ ይሰጣል» የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ወሬው ሐሰት አይደለም። ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም ለትንንሽ ነጋዴዎች የመደቡት ገንዘብ አለ። ችግሩ ወሬው በግማሹ መድረሱ ነው። ሰው ቤቱን ይከራያል፣ ያስጠግናል፣ ምጣዱንና ፍሪጁን ያስገባል፣ ከዚያ «እስቲ አሁን ለግራንት ላመልክት» ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሳይፈቀድልዎ ላወጡት ወጪ አንከፍልም» የሚል ነው። ቀድሞ ቢጠይቅ ያገኘው የነበረውን ገንዘብ ዘግይቶ በመጠየቁ ያጣዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ንግድ ለመጀመር ወይም ለማስፋፋት ከፌዴራል መንግሥት የሚሰጥ ግራንት የለም። ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የእሱ ሥራ ብድርን ዋስ ሆኖ ማሰጠት ነው። ስለዚህ በዋትስአፕ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ «የፌዴራል ግራንት አስወጣልሃለሁ፣ መቶኛ ትከፍለኛለህ» የሚል ሰው ቢመጣ በሰላም ያሰናብቱት። የማይመለስ ገንዘብ ካለ ያለው በከተማው፣ በካውንቲውና በስቴቱ እጅ ነው፤ ለማመልከት ደግሞ ክፍያ አይጠየቅም። ማመልከቻውን የሚያግዝ ሰው ከፈለጉ ስሞል ቢዝነስ ዴቨሎፕመንት ሴንተር የሚባሉት ማዕከላት በነፃ ያማክራሉ። የዲሲው ዋና ማዕከል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸው አላቸው።

ከዲሲ እንጀምር። ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግሬት ስትሪትስ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ የሚመራው በከተማዋ የፕላንና የኢኮኖሚ ልማት ምክትል ከንቲባ ቢሮ ነው። ስሙ እንደሚለው ለተመረጡ ጎዳናዎች የተዘጋጀ ነው። ጆርጂያ አቬኑ፣ ኤች ስትሪት፣ ዩ ስትሪትና ፎርቲንዝ ስትሪት ከእነዚህ ይገኙበታል፤ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላባቸው ጎዳናዎች ማለት ነው። ሆኖም ድንበሩ በካርታ የተሰመረ ነው። አንዱ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ጎን ያለው ውጭ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻውን ካርታው ላይ ማየት ቤቱን ከማየት ይቀድማል። ጥሪውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ በጀት ሲፈቀድ ይከፈታል፣ ለአጭር ጊዜ ይቆያል፣ ይዘጋል። የመጠጥ መሸጫ፣ የምሽት ክበብና በመኖሪያ ቤት የሚሠራ ንግድ ከዚህ ግራንት ውጭ ሲደረጉ ኖረዋል። ምግብ ቤት ይገባል፣ ጸጉር ቤት ይገባል፣ የባልትና ሱቅ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚስተው የአከፋፈሉን ነገር ነው። ግሬት ስትሪትስ አስቀድሞ ቼክ አይሰጥም፤ ያወጡትን ይተካል። ለምሳሌ ኮንትራክተሮች ሁድ የሚሉት የኩሽና ጢስ ማውጫ፣ የወለል ንጣፍና የደጅ ምልክት በድምሩ 40,000 ዶላር ይፈጃሉ እንበል። ያንን 40,000 መጀመሪያ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። ከዚያ የሥራው ውል፣ ኢንቮይስ፣ ከንግዱ አካውንት የወጣው ቼክ መመንዘሩን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ያቀርባሉ። ከአንዱ ወረቀት ጋር ሌላው ካልገጠመ፣ ኢንቮይሱ በእርስዎ ስም ሆኖ ቼኩ ከባለቤትዎ አካውንት ከወጣ፣ ወይም ኢንቮይሱ የኤልኤልሲውን ስም በስህተት ከጻፈ፣ ክፍያው ይዘገያል ወይም ይቀራል።

እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ይጎዳናል። «ያገር ልጅ ነህ፣ በካሽ ካደረግኸው እቀንስልሃለሁ» የሚል ኮንትራክተር ሁላችንም እናውቃለን፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን በካሽ የተከፈለና ደረሰኝ የሌለው ሥራ ለግራንቱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የቀነሰልዎት አሥር እጅ መቶውን ያሳጣዎታል። ኮንትራክተሩ ላይሰንስ ይኑረው፣ የግንባታ ፈቃዱ ይውጣ፣ ክፍያው በቼክ ይሁን። ካልሆነ ከናካቴው ባያመለክቱ ይሻላል፤ ጊዜዎን ይቆጥባሉ።

ዲሲ ሁለት ወረቀት ሳያይ አይንቀሳቀስም። አንደኛው ዲኤልሲፒ ከሚባለው የከተማዋ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የሚወጣው የንግድ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ክሊን ሃንድስ የሚባለው፣ ከታክስ ቢሮው የሚገኝ፣ ለከተማዋ ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ነው። ዕዳ ሲባል ታክስ ብቻ አይምሰልዎ፤ ያልተከፈለ ቅጣትም ይቆጠራል። ሰርተፊኬቱን በኢንተርኔት መጠየቅ ይቻላል። ጥሪው ከመከፈቱ ከወራት በፊት አንዴ ይሞክሩት፤ ዕዳ ካለ ለመክፈል ወይም ለመከራከር ጊዜ ያገኛሉ።

ሜሪላንድ ስንሻገር አሠራሩ ይለወጣል፤ በብዛት የሚገኘው ታክስ ክሬዲትና ብድር ነው። ኢንተርፕራይዝ ዞን የሚባሉ የተከለሉ አካባቢዎች አሉ፤ ሞንጎምሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥም ይገኛሉ። ዞኑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ሠራተኛ የቀጠረ ነጋዴ ለእያንዳንዱ ብቁ ሠራተኛ አንድ ጊዜ የሚታሰብ የ1,000 ዶላር የገቢ ታክስ ክሬዲት ማግኘት ይችላል። ሠራተኛው ስቴቱ በኢኮኖሚ የተጎዳ ብሎ ካረጋገጠው ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 6,000 ዶላር ይደርሳል። ዞን ለዘላለም አይኖርም፤ የሚሰየመው ለዐሥር ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል ወይም ያበቃል። ስለዚህ ደላላው «እዚህ ዞን ነው» ቢል አይበቃም፤ ለካውንቲው የዞን አስተዳዳሪ ይደውሉና ቀኑን ይጠይቁ። ክሬዲቱም በራሱ አይመጣም፤ አስተዳዳሪው ንግድዎን ማጽደቅ አለበት።

ዋናው ገንዘብ ግን ያለው በሕንፃው ታክስ ላይ ነው። በዞኑ ውስጥ ሕንፃ ታድሶ ግምቱ ሲጨምር፣ በተጨመረው ግምት ላይ ከሚመጣው የንብረት ታክስ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 80 በመቶው ይቀነሳል፤ ከዚያ በየዓመቱ ዐሥር ዐሥር እየወረደ በዐሥረኛው ዓመት 30 በመቶ ላይ ያልቃል። ይህ ቅናሽ የሚሰጠው ለሕንፃው ባለቤት ነው። አሁን ሊዝዎን አውጥተው ይዩት። የንግድ ቤት ኪራይ ብዙ ጊዜ ትሪፕል ኔት ነው፤ ከኪራዩ በተጨማሪ የንብረት ታክሱን፣ ኢንሹራንሱንና የጋራ ቦታ ጥገናውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ያደሱትም እርስዎ፣ በእድሳቱ የጨመረውን ታክስ የሚከፍሉትም እርስዎ፣ ቅናሹን የሚያገኘው ባለሕንፃው ሊሆን ነው ማለት ነው። መፍትሔው ከመፈረምዎ በፊት በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ነው፦ «በዚህ ቤት ላይ የሚገኝ ማንኛውም የንብረት ታክስ ቅናሽ ለተከራዩ ይተላለፋል» የሚል። ጠበቃ ለዚህ ብዙ አያስከፍልም። ከፈረሙ በኋላ ከጠየቁ ግን ባለሕንፃው እሺ የሚልበት ምክንያት የለውም።

ብድሩን በተመለከተ ሜሪላንድ ደስ የሚል ፈንድ አላት። ከካሲኖ የቁማር ማሽኖች ከሚገኘው ገቢ 1.5 በመቶው በሕግ ለትንንሽ ንግዶች፣ እንዲሁም በአናሳ ወገኖችና በሴቶች ባለቤትነት ለተያዙ ንግዶች ተለይቷል፤ ቪኤልቲ ፈንድ ይባላል። ናሽናል ሃርበር ሄዶ ደመወዙን ማሽን ውስጥ ትቶ የመጣ ወዳጅ ካለዎት፣ ከፊሉ በብድር መልክ ወደ ሠፈሩ ሊመለስ ይችላል። ስቴቱ ብድሩን በቀጥታ አይሰጥም፤ ፈንዱን የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች አሉ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ኤፍኤስሲ ፈርስት አንዱ ነው። ይኸው ድርጅት ካውንቲው በ50 ሚሊዮን ዶላር ያቋቋመውን የኢኮኖሚ ልማት ማበረታቻ ፈንድ ማመልከቻዎችም ይመለከታል።

በሜሪላንድ ሰው የሚወድቀው በትንሽ ነገር ነው። ኤልኤልሲ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ኤስዳት ለሚባለው የስቴቱ የድርጅቶች መዝገብ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት ማስገባት አለበት፤ ክፍያው 300 ዶላር ነው። ያላስገባ ድርጅት መጀመሪያ ጉድ ስታንዲንግ የሚባለውን የሕጋዊነት ደረጃውን ያጣል፣ ቆይቶ ይሰረዛል። ባለቤቱ ሱቁን ከፍቶ እየሠራ ስለሆነ ምንም አይታወቀውም፤ የሚያውቀው አበዳሪው ፋይሉን ሲከፍት ነው።

ስለ ቨርጂኒያ ባጭሩ። የስቴቱ የኢንተርፕራይዝ ዞን የሥራ ፈጠራ ግራንት የችርቻሮ፣ የምግብና የመጠጥ ሥራዎችን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሬስቶራንት ለሚከፍት ሰው በዚያ በር መግቢያ የለም። ለእሱ የሚሻለው ቪኤስቢኤፍኤ የሚባለው የስቴቱ የብድር ባለሥልጣን ነው፤ በቀጥታም ያበድራል፣ ለባንክም ዋስ ይሆናል።

ድንበር ሳይገድበው ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነ አበዳሪ አርሊንግተን አለ። በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል፣ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ የሚባል የብድር ክንፍ አለው፤ ከኤስቢኤ የማይክሮሎን ገንዘብ ወስዶ ለትንንሽ ነጋዴ ያበድራል። የኤስቢኤ ማይክሮሎን ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ግራንቱ እስኪተካ ድረስ ያንን 40,000 ከየት ላምጣ ለሚል ሰው አንዱ መልስ ይህ ነው። ነገር ግን ኤስቢኤ ከ2025 ወዲህ የባለድርሻዎችን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ጠበቅ አድርጎ ይጠይቃል። ከሸሪኮችዎ መካከል አሳይለም ላይ ያለ ወይም ገና ዜጋ ያልሆነ ሰው ካለ፣ ፎርም ከመሙላትዎ በፊት አበዳሪውን ይጠይቁ።

አበዳሪ ሁሉ «የራስህ ድርሻ የት አለ?» ይላል። የእኛ ድርሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቁብ ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው 30,000 ዶላር በአንድ ጊዜ አካውንቱ ውስጥ ሲያስገባ፣ የብድር መኮንኑ የሚያየው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። አያፍሩበት፣ ያስረዱ። የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የአባላቱን ብዛት፣ መዋጮውንና የደረሰዎትን ቀን ጽፎ ይፈርምልዎ፤ በየወሩ የከፈሉበት የዜል ወይም የቼክ መዝገብ አብሮ ይያያዝ። ገንዘቡም ከማመልከቻው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ባንክ ቢገባ ጥያቄው ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አያድርጉ፦ ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ካሽ ሲገባ ሪፖርት ስለሚያደርግ ብለው ገንዘቡን በ9,000 በ9,000 ከፋፍለው አያስገቡ። ሪፖርቱ ማንንም አይጎዳም፤ እሱን ለመሸሽ መከፋፈሉ ራሱ ግን ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም።

እንግሊዝኛው ከከበደዎት በዲሲ መብት አለዎት። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛ ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ወይም ሲደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አያስተርጉሙበት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትሪፕል ኔትን ሊያስረዳ አይችልም።

በመጨረሻ ግራንቱ ከገባ በኋላ ያለው ጉዳይ። ለንግድ የተሰጠ የመንግሥት ግራንት በመሠረቱ እንደ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ በጃንዩዋሪ 1099-ጂ የሚባል ወረቀት ሊመጣልዎ ይችላል፣ ለአይአርኤስም ቅጂው ይሄዳል። ባይመጣልዎም ገቢው ገቢ ነው። ገንዘቡ በገባበት ሳምንት ለአካውንታንትዎ ይንገሩ፤ ያሠሩት ሁድና ወለል በዚያው ዓመት በወጪ ይያዝ ወይስ በየዓመቱ ይከፋፈል የሚለውን እሱ ያሰላል፤ ለታክሱ የሚሆነውን ደግሞ ከወዲሁ ለብቻው አካውንት ውስጥ ያስቀምጡት።