ሞተርሆም ይዞ ወደ ብሩስ ፔኒንሱላ፦ ከቶሮንቶ ለሚነሱ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሞተርሆሙን ይከራይና ከዚያ የሚያቆምበትን ቦታ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ቦታው ከተያዘ በኋላ መኪናው አይጠፋም፤ ቦታ ከሌለ ግን ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም መኪና ይዞ መንከራተት ነው።

የብሩስ ፔኒንሱላ ብሔራዊ ፓርክ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተቋቋመው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። የጆርጂያን ቤይ ውሃ የኖራ ድንጋዩን ገደል ቦርቡሮ የሠራው ግሮቶ የሚባለው ዋሻ ስሙን አስጠርቶታል፤ ጎብኚውንም አብዝቶበታል። ለማደሪያ የሚሆነው የካምፕ ሥፍራ ሳይፕረስ ሌክ ይባላል። ቦታ የሚያዘው በፓርክስ ካናዳ ድረ ገጽ ሲሆን ምዝገባው የሚከፈትበት ቀን በየዓመቱ በዊንተር ወራት ይገለጻል። ከዚያ ቀን በፊት የራስዎን መለያ ከፍተው ይጠብቁ። እያንዳንዱ ቦታ የሚችለው ርዝመት ተለይቶ ስለተጻፈ፣ የሞተርሆሙን ርዝመት ከኋላው የሚሰቀለውን የብስክሌት ማንጠልጠያ ጭምር ቆጥረው በትክክል ይሙሉ። ቀኑ ካመለጠዎት ተስፋ አይቁረጡ፤ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋምና ገጹን ደጋግመው ይመልከቱ።

ጁላይና ኦገስት ግፊያ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ከሌበር ዴይ በኋላ ያለውን ሴፕቴምበር እመርጣለሁ፤ ልጆች ትምህርት ላይ ስለሚሆኑ ለእንቁጣጣሽ የሚቀርበውን ቅዳሜና እሁድ መያዝ ይቻላል።

ቦታው እጅዎ ከገባ በኋላ ወደ መኪናው ይሂዱ። በኦንታሪዮ ሙሉ የጂ መንጃ ፈቃድ እስከ 11,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ ያስነዳል፤ አብዛኛው የኪራይ ሞተርሆም ከዚህ በታች ነው። አከራዮች ግን የየራሳቸው የዕድሜና የልምድ መስፈርት አላቸው። የቤት መኪናዎ ኢንሹራንስ ሞተርሆሙን ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ከፍታውን በወረቀት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉ፤ ሦስት ሜትር ተኩል ሊደርስ ስለሚችል በቲም ሆርተንስ መስኮት በኩል ቡና መግዛቱ ይቅርብዎ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልገው መታጠፍን ይለማመዱ፤ ከኋላ ጎማ ወዲያ የተረፈው አካል ሲታጠፉ ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሚወጣ አጥርና ሰው ይመታል። ዕቃ ሲጭኑም ቶሎ ይበሉ፤ ምልክት ካልተቀመጠ በስተቀር የቶሮንቶ መንገድ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ማቆም አይፈቀድም።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ፤ የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሳይፕረስ ሌክ ላይ ሞተርሆሙ የሚሰካበት ኤሌክትሪክም ሆነ የውሃ መስመር የለም። መብራቱና የውሃ መግፊያው በባትሪ ይሠራሉ፤ ማቀዝቀዣው ብዙውን ጊዜ በፕሮፔን ጋዝ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድና የኤሌክትሪክ ጀበና ግን በባትሪ የሚሞከሩ አይደሉም፤ ቤት ይተዉአቸው። እንጀራውን ከዳንፎርዝ ሱቆች ይግዙ፣ ወጡን ቤት ሠርተው በየምግብ ሰዓቱ ከፋፍለው ያቀዝቅዙት። ቡናውን በሞተርሆሙ የጋዝ ምድጃ ያፍሉ፣ ግን መስኮት ይክፈቱ። ከሰል መኪናው ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል። ዕጣኑም ቢሆን ውጭ ነው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው በዓል መሆኑን አያውቅም። ውጭ እሳት ከማንደድዎ በፊት ክልከላ አለመኖሩን የፓርኩን ሠራተኞች ይጠይቁ። ማገዶ ደግሞ ከቶሮንቶ አይጫንም፤ ዛፍ የሚያጠፉ ነፍሳት አብረው ስለሚጓዙ እዚያው አካባቢ ይገዛል።

በ410 ወጥተው መንገድ ቁጥር 10ን ይያዙ፤ ኦሬንጅቪልን አልፈው ኦወን ሳውንድ ሲደርሱ ቁጥር 6 ወደ ሰሜን ይወስድዎታል። በቤት መኪና አራት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሞተርሆም አምስት ብለው ያስቡት። ዋያርተን ላይ ነዳጅ ይሙሉ፣ የጎደለውንም ይግዙ። ሳይመሽ መድረስ አለብዎት፤ በዛፎች መካከል በጨለማ ወደ ኋላ መግባት ለጀማሪ አይሆንም። ሲገቡም አንድ ሰው ከኋላ ወርዶ ይምራዎት፤ እሱ ከመስታወትዎ ከጠፋ ወዲያው ያቁሙ።

ከቆሙ በኋላ ሞተርሆሙን አያንቀሳቅሱት። ከሳይፕረስ ሌክ ወደ ግሮቶ በእግር ይኬዳል፤ ለቀን ብቻ የሚመጡት ግን በሰዓት የተከፋፈለ ማቆሚያ ቀድመው መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ካምፕ ማደር ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። በአቅራቢያው ያለው ቶበርሞሪ ከተማም በሰመር ለትንሽ መኪና እንኳ ማቆሚያ ይጠባል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ውሃው በኦገስትም ይቀዘቅዛል፤ ለልጆች ጠንካራ ጫማ ያድርጉላቸው። ማሳሳጋ የሚባለው መርዛማ እባብ በአካባቢው ስላለ ከመንገዱ አይውጡ። ጥቁር ድብም አለ፤ የወጥ ድስት ውጭ አይደር።

ሲመለሱ የመጸዳጃውን ታንከር አስቀድመው፣ የእጥበቱን ውሃ አስከትለው በተፈቀደው ማስወገጃ ብቻ ይድፉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቱቦ ያጥበዋል። ጓንት አይርሱ። ታንከሩን ሳይደፉ መኪናውን የሚመልሱ ብዙ አከራዮች ዘንድ ተጨማሪ ይከፍላሉ።

ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ሞተርሆም አልመክርም፤ ለኪራዩና ለነዳጁ የሚወጣው ገንዘብ አያዋጣም። ድንኳን ጭኖ በቤት መኪና መሄድ ይሻላል። ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆችና እናት አባት አብረው ካሉ፣ ዋጋው ይገባዋል።