አጣዳፊ ፖርፊሪያ፦ የዘረመል ጉድለትና መድኃኒት ተጣምረው የሚያስነሡት የሆድ ሕመም

መግቢያ

ለብርቱ የሆድ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሕመምተኛ ሲያጋጥም፣ ሐኪም በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ትርፍ አንጀት፣ ስለ ሐሞት ጠጠር፣ ስለ አንጀት መዘጋት ወይም ስለ ጨጓራ መበሳት ነው። ቅደም ተከተሉ ተገቢ ነው፤ እነዚህ በሽታዎች የተለመዱና ፈጣን ቀዶ ሕክምና የሚሹ ናቸውና። ይሁን እንጂ ሕመሙ እጅግ የበረታ፣ ሆዱ ሲዳሰስ ግን ለስላሳ፣ ትኩሳትም የሌለው፣ ሆዱ ተከፍቶ እንኳ ምንም ያልተገኘበት ሕመምተኛ አለ። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ አጣዳፊ ፖርፊሪያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ለማስታገሻ ወይም ለማደንዘዣ የተሰጠ መድኃኒት ራሱ የሕመሙ ቀስቃሽ ሊሆን የሚችለው እንዴት እንደሆነ ማሳየት ነው።

የበሽታው አሠራር

ሄም ብረት ያዘለ ሞለኪውል ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሄሞግሎቢን አካል ሆኖ ኦክስጅንን ይሸከማል፤ በጉበት ውስጥ ደግሞ መድኃኒቶችን የሚሰባብሩት ሳይቶክሮም ፒ 450 የተባሉ ኢንዛይሞች ያለ እርሱ አይሠሩም። ሄም የሚዘጋጀው በ8 ኢንዛይሞች ተከታታይ ሥራ ነው። በጉበት ውስጥ የምርቱን ፍጥነት የሚወስነው የመጀመሪያው ኢንዛይም ሲሆን፣ ሄም ሲበቃ ይገታል፣ ሲያንስ ይነቃቃል።

በብዛት የሚታዩት የአጣዳፊ ፖርፊሪያ ዓይነቶች ከወላጆች በአንዱ በኩል ብቻ የሚወረሱ ናቸው። በጉድለቱ ምክንያት ከተከታዮቹ ኢንዛይሞች የአንዱ አቅም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግማሹ አቅም ለዕለት ተዕለት ኑሮ በቂ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ያለ አንዳች ምልክት ይኖራሉ።

ሚዛኑ የሚዛባው የጉበት የሄም ፍላጎት በድንገት ሲጨምር ነው። ፊኖባርቢታልን የመሰሉ ባርቢቹሬቶች፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ሪፋምፒሲን የሳይቶክሮም ፒ 450 ምርትን ያበረታታሉ። የመጀመሪያው ኢንዛይም ፍላጎቱን ለማሟላት ሲፋጠን፣ የደከመው ኢንዛይም የመጣለትን ሁሉ ማሳለፍ ይሳነዋል። በዚህም አሚኖሌቩሊኒክ አሲድና ፖርፎቢሊኖጅን የተባሉት ቅድመ ውጤቶች ይከማቻሉ። ከሰልፋ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ሕመሙን በመቀስቀስ ይታወቃሉ። ረኀብና በሴቶች ወርኃዊ ዑደት የሚከሰተው የሆርሞን ለውጥም ተመሳሳይ ውጤት ያመጣሉ።

ክምችቱ በዋነኛነት የሚጎዳው ነርቮችን ነው። የሆድ ሕመሙ፣ ማስታወኩ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የልብ ምት መፍጠኑና የደም ግፊት መጨመሩ የውስጥ አካላትን የሚያዙ ነርቮች መታወክ መገለጫዎች ናቸው። ሆዱ ለስላሳ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ የተቆጣው የሆድ ዕቃው ሳይሆን ነርቩ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ምሳሌ

የዘረመልና የመድኃኒት መጣመር ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። በዚያ የሚገኘው ቫሪጌት ፖርፊሪያ የተባለው ዓይነት፣ ከሆድ ሕመሙ በተጨማሪ ለፀሐይ የተጋለጠ የእጅ ቆዳ በቀላሉ እንዲላጥና ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። በፖርት ኤልዛቤት ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄፍሪ ዲን የብዙ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1688 በኬፕ ወደ ተጋቡ ሁለት የደች ሰፋሪዎች አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በእነዚህ ቤተሰቦች የሚተላለፈው የዘረመል ለውጥ በሞለኪውል ደረጃ ተለየ።

ዲን ያስተዋለው ቁም ነገር ግን ከዘር ቆጠራው ይልቃል። ቤተሰቦቹ ለትውልዶች ልጆች ወልደውና ተባዝተው በመልካም ጤንነት ኖረዋል። ጉድለቱ ገዳይ ሆኖ የወጣው ባርቢቹሬቶችና የሰልፋ መድኃኒቶች በሰፊው ጥቅም ላይ ከዋሉ በኋላ ነው። ዘረመሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያጋጠመው መድኃኒት ነበር።

የሕክምና አንድምታ

የምርመራ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው። ሕመምተኛው ሊቃዥና ሊረበሽ ስለሚችል ሕመሙ የመንፈስ ጭንቀት ተደርጎ ይወሰዳል። ለማረጋጋት ባርቢቹሬት ከተሰጠው ክምችቱ ይብሳል፤ የእጅና የእግር ጡንቻዎች ይዝላሉ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎችም ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ።

በአንጻሩ መለያው አስቸጋሪ አይደለም። ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ በተወሰደ ሽንት ውስጥ የፖርፎቢሊኖጅን መጠን በእጅጉ ይጨምራል፤ ብርሃን ላይ የቆየ ሽንትም ወደ ቀይነት ወይም ጥቁረት ሊለወጥ ይችላል። ናሙናው ከብርሃን ተጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ሕክምናው ቀስቃሹን መድኃኒት በማቋረጥ ይጀምራል፤ ለሕመሙ ሞርፊን በደኅና ይሰጣል። ግሉኮስ የመጀመሪያውን ኢንዛይም ስለሚገታ ለቀላል ሁኔታ ይረዳል፤ ለብርቱው ግን ተመራጩ በደም ሥር የሚሰጥ ሄም ነው።

በአገራችን ፊኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ፣ ሪፋምፒሲን ለሳንባ ነቀርሳ በየዕለቱ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ጥቅማቸው የማይካድ ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ የሚወሰደው ትምህርት ይተዉ የሚል አይደለም። መንሥኤው ያልታወቀ የሆድ ሕመም ሲያጋጥም ግን ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል፦ ሕመምተኛው በቅርብ የጀመረው መድኃኒት ምንድን ነው? ከቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ወይም ከማደንዘዣ በኋላ ሽባ የሆነ ሰው አለ? የሽንቱስ ቀለም ተለውጧል? አንድ ሰው ተሸካሚ መሆኑ ሲረጋገጥ ደግሞ ወላጆቹን፣ ወንድምና እኅቶቹንና ልጆቹን መመርመር ያስፈልጋል። ጉድለቱን ከዘር ማጥፋት ባይቻልም፣ አስቀድሞ ያወቀውን ቤተሰብ ከቀስቃሹ መድኃኒት መጠበቅ ይቻላል።