እምብዛም የማይታይ በሽታ የሥራ ቦታ አደጋ ጠቋሚ ሲሆን፦ ቪኒል ክሎራይድና የጉበት አንጂዮሳርኮማ

የጉበት አንጂዮሳርኮማ ከደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ፣ እምብዛም የማይከሠት ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ፣ የፒቪሲ ፕላስቲክ በሚመረትበት አንድ ፋብሪካ ሦስት ሠራተኞች በዚህ በሽታ መሞታቸው ይፋ ሆነ። ሁሉም ለቪኒል ክሎራይድ ጋዝ የተጋለጡ ነበሩ፤ ጋዙ በጉበት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጠረው ውሕድ የሕዋሳትን ዲኤንኤ ይጎዳል። በዚያው ዓመት የወጣው የአገሪቱ ደንብ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን ከሚሊዮን 500 እጅ ወደ 1 እጅ ዝቅ አደረገው።

ሦስት ሕሙማን ብቻ ጥርጣሬውን ለማስነሣት የበቁት በሽታው እምብዛም የማይታይ በመሆኑ ነው፤ የተለመደ በሽታ ቢሆን ኖሮ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ተደባልቆ በቀረ ነበር። በሽታው ከተጋላጭነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ ስለሚገለጥ፣ የሕመምተኛው የቀድሞ ሥራ ጭምር ሊመዘገብ ይገባል።